የቅዳሜ በቅሎዎች በምናለሽ ተራ

ባለፈው ወር ልጄ ሔለን ስልኳን አምጥታ ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። "እማዬ፣ በቅሎዎችሽን አገኘኋቸው!" አለችኝ። እኔ ከሥራ ገብቼ እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ ተቀምጬ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው እግሩን ውሃ ውስጥ ሲከት ማንም እንዲያናግረው አይፈልግም። ቢሆንም የመጀመሪያው ከበሮ ገና ሲመታ አወቅኳቸው። ያንን ከበሮ፣ ያንን ጊታር፣ ያንን ድምፁ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ የሚል ዘፋኝ። ካሴቱ ክሩ ተበልቶ ካለቀ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ግን አንዲት ቃል አልጠፋችኝም። ቃል ስል ትርጉሙን አውቄ አይደለም። ድምፁን ነው።

ሁለታችንም እስከ መጨረሻው ሰማነው። ውሃው ቀዘቀዘ። ጊታሩ ደከም ደከም ብሎ ጠፋና ሔለን ስልኳን አነሳች።

"አላለቀም እኮ" አልኳት።

"አልቋል እማዬ። ይኸው፣ አሥር ዘፈን ነው።"

"አንድ ይቀረዋል። ጭብጨባ ያለበት።"

"የምን ጭብጨባ?"

ባለቤቴ ቶላ አጠገባችን ነበር። ለብዙ ዓመት ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ኖሮ ጆሮው ስለደከመ የተባባልነውን አልሰማም። እኔ በእርጥብ እጄ ሳጨበጭብ ሲያይ ግን ምን እንደማወራ ገባው። መሳቅ ጀመረ። ቶላ መሳቅ ከጀመረ ደግሞ ማቆሚያ የለውም። ሔለን አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። የነገርኳትን ነው አሁን የምጽፈው።

ስሜ ሸዋርካብሽ ነው። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ጀሪካንና ጠርሙስ እሸጣለሁ። ሰው የጣለውን አጥባለሁ፣ ሌላ ሰው ይገዛዋል፤ ሥራዬ ይኸው ነው። የጀመርኩት በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ሁለት ወር ሳልማር ነው። አባቴ ታመመና "ለጊዜው" ተብሎ አክስቴ መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ለጊዜው የተባለው እስከ ዛሬ አላለቀም። አላማርርም፤ ማማረርም ጉልበት ይጠይቃል።

አክስቴን ተራው ሁሉ እቴቴ ነበር የሚላት። ከመደባችን ፊት ለፊት የጋሼ ውብሸት የቆርቆሮ ቤት ነበር። ጋሼ ውብሸት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የቡልጋ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ የተቆጡ የሚመስሉ። አምስት ቀጥቃጮች ነበሯቸው። አሮጌ በርሚል ሰንጥቀው፣ አቃንተው፣ ባልዲና የከሰል ማንደጃ ይሠራሉ። ከጧት እስከ ማታ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ነው። እኔ በዚያ ድምፅ ውስጥ ነው ያደግሁት። እኛ ተራ ሰው ሲያወራ የሚጮኸው ተጣልቶ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ስለሌለው ነው።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ነው፣ በ1990 ዓ.ም.፣ በጾሙ መሃል። እቴቴ ልካኝ በሰላሃዲን ካሴት ቤት በኩል አለፍኩ። ሰላሃዲን የታተመ ካሴት ይሸጥ ነበር፤ ዋናው እንጀራው ግን መቅዳት ነው። የምትፈልጉትን ትነግሩታላችሁ፣ ባዶ ካሴት ላይ ይቀዳላችኋል፣ በእስክሪብቶ ስሙን ጽፎ ይሰጣችኋል። በሩ ላይ ከሰቀለው ስፒከር የሚወጣውን ስሰማ መጀመሪያ የጋሼ ውብሸት ቤት ወደዚህ የተዛወረ መሰለኝ። ቆርቆሮ ነው የሚመታው። ግን አምስቱ ቀጥቃጮች ተነጋግረው፣ ተስማምተው፣ አንድ ላይ ሲመቱ ቢሆን ኖሮ እንደሚሆነው። ዕድሜዬን ሙሉ ራሴን ሲያሳምመኝ የኖረው ጩኸት ዘፈን ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

"ሰላሃዲን፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሮክ ነው። ላንቺ አይሆንም።"

"ለምን አይሆንም?"

"ሆድ ይበጠብጣል።"

"አንተን አልበጠበጠህም። እነማን ናቸው?"

ሽፋኑን አንስቶ አነበበልኝ። "ሳተርደይ ሚዩልስ። የቅዳሜ በቅሎዎች ማለት ነው። አንድ ደንበኛዬ ከጅቡቲ ያመጣው ነው።"

"በቅሎ ብለው ራሳቸውን ጠሩ?"

"ምን ላድርግ ታዲያ፣ አባታቸው እኔ አይደለሁ!"

ከዚያ በኋላ በየሰበቡ በዚያ በር እመላለስ ጀመር። አንዳንድ ቀን እነሱን አገኛለሁ፣ አብዛኛውን ቀን አላገኝም። ፋሲካ ሲቃረብ እቴቴ ጫማ እንድገዛ ብር ሰጠችኝ። ጫማ ተራ መሄድ የነበረበት እግሬ ወዴት እንደወሰደኝ መናገር አያስፈልግም። ሰላሃዲን "ነገ ነይ፣ ቀድቼ አቆይሻለሁ" አለኝ፤ በማግስቱ ተቀበልኩት። በሕይወቴ ለራሴ ብዬ የገዛሁት የመጀመሪያው ዕቃ ነው። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ "የቅዳሜ በቅሎ" ብሎ ጽፎበታል።

እቴቴ ስገባ እግሬን አየች።

"ጫማሽስ?"

"ልኬ ጠፋ።"

"እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"ካሴት።"

ተቀብላኝ አገላብጣ አየችው። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብላ "በምን ልትሰሚው ነው?" አለችኝ።

እውነቴን ነው፣ አላሰብኩበትም። ቤታችን ያለው አንድ ትንሽ ሬዲዮ ነበር፤ እሱም ካሴት አያስገባም። የመግዛቱ ነገር ጭንቅላቴን ሞልቶት መስሚያው ትዝ ሳይለኝ ቀረ። ፋሲካን በአሮጌ ጫማ ዋልኩ፤ ካሴቱ ትራሴ ሥር ነበር። እቴቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ልጄ በትራስ የሚሰማ ዘፈን ገዝታለች" እያለች ስታስቅብኝ ከረመች።

ቴፕ ያለው ጋሼ ውብሸት ቤት ነበር። የተገለበጠ በርሚል ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል። ለደስታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትልቅ ቆርቆሮ ሁለት ሰው ተፈራርቆ ነው የሚመታው፤ አንዱ ሲያነሳ አንዱ ያሳርፋል። ዘፈን ካልመራቸው መዶሻ ከመዶሻ ይጋጫል፣ ጣትም ይሄዳል። ስለዚህ የሚከተተው ካሴት ሥራውን የሚመራ መሆን አለበት። ቴፑ አንድ ጉድለት ነበረበት፦ ዘፈን የሚያሳልፈውም ወደ ኋላ የሚመልሰውም ቁልፍ ተሰብረዋል። አንድ ጊዜ ከተከፈተ ገጹ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው።

ከቀጥቃጮቹ ሁሉ የሚቀርበኝ ቶላ ነበር። ያኔ ባሌ አልነበረም፤ ከጠርሙሶቼ አንዱን በየቀኑ የሚሰብርብኝ ሰው ነበር።

"ቶላ፣ እንደው አንድ ጊዜ ክተትልኝ።"

"የምን ነው? ያስጨፍራል?"

"ያስቀጠቅጣል።"

ሳቀና ከተተው። የመጀመሪያው ዘፈን ሩጫ ነው። አምስቱም ሳያውቁት አብረው ሮጡ። ይገረም የሚባለው፣ ከሁሉም በእጁ የተመሰገነው፣ መዶሻውን በባልዲው ቂጥ አሳልፎ መሬት መታ። ባልዲውን አንስቶ በቀዳዳው አየኝ።

ጋሼ ውብሸት ከውስጥ ወጡ። "ይሄ ዘፈን ነው የመኪና ግጭት?"

"የሸዋዬ ነው ጋሼ" አለ ቶላ።

"አንቺ ልጅ፣ ሰው ልታስጨርሺ ነው? አውጣው!"

ያ ሁሉ ጉጉት በግማሽ ዘፈን አለቀ። ቶላ ግን አዝኖልኝ ኖሮ በሦስተኛው ቀን "ምሳ ሰዓት ማንም አይመታም፤ ያኔ ልክተትልሽ" አለኝ። እኔ ከመጀመሪያው ላድርሰው ብዬ ማታ በእስክሪብቶ ሳጠነጥን ወደ ሌላው ጫፍ ወስጄው ኖሮ፣ እሱም ሲከተው ሳያይ ሳይድ ቢን አደረገው። ቀጥቃጮቹ ትሪውን ከበው ሽሮ እየበሉ ነው። በየዘፈኑ አንድ ስድብ ይወጣል። አንዱ "ይሄ ሰው ጥርሱን እያስነቀለ ነው" ይላል፣ ሌላው "በራሱ በቅሎ ተረግጦ ነው" ይላል። ገጹ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ጊታሩ ጠፋ። እኔ አለቀ ብዬ ልነሳ ስል ሌላ ዘፈን ጀመረ። ጭብጨባ። ከዚያ ሴቶች። ከሥሩ ጊታር።

ይገረም ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ "ዝም በሉ!" አለ።

ጆሮውን ወደ ቴፑ አስጠጋ።

"የኛ ነው! ጉራጊኛ ነው! በመስቀል እናቴ የምትዘፍነው ነው!"

"ፈረንጆቹ?" አለ ቶላ።

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ አጥርተው ነው የሚሉት!"

"ፈረንጅ ከየት አምጥቶ ጉራጊኛ ይችላል?"

"ለምን አይችልም? እኛ አገር ሚሲዮን ያሉት ፈረንጅ ሲስተሮች ከአክስቴ የተሻለ ይናገራሉ። ሲቆጡ ደግሞ ብትሰማቸው! እነዚህም ሚስቶቻቸው ይሆናሉ። ባሎቻቸው ሲደክማቸው እነሱ ተቀበሉ።"

ነገሩ ለሁላችንም ልክ መሰለን። ከሁሉ በፊት ያመንኩት እኔ ነኝ። ቀድሞም በቅሎዎቹ የሚያደርጉትን ሁሉ ያደርጋሉ ብዬ አምኛለሁ፤ ጉራጊኛ ቢጨመር ምን ይገርማል? እንዲያውም "ታዲያ ምን መስሏችሁ ነው የገዛሁት?" አልኳቸው፣ ቀድሞውንም እንደማውቅ ሰው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ዘፈን ካልሰማን አሉ። ግን ቁልፉ ተሰብሯል። ይገረም ካሴቱን አውጥተሽ በእስክሪብቶ አጠንጥኚው አለኝ።

"ክሩ ይበጠሳል" አልኩት። አይበጠስም ነበር። ውሸት ከተባለ እንግዲህ በዚያ ዓመት ከዋሸሁት አንዱ እሱ ነው።

ስለዚህ አንዷን የጭብጨባ ዘፈን ለመስማት በፊቷ ያሉትን በሙሉ መስማት ግድ ሆነባቸው። ደግሞ ለመስማት ሲፈልጉ ገልብጠው ሳይድ ኤን ከጫፍ ጫፍ ያሳልፉና ወደ ሳይድ ቢ ይመለሳሉ። መጀመሪያ በምሳ ሰዓት ብቻ ነበር። ክረምቱ ሲገባ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ ሌላው ካሴት አልሰማ እያለ የበቅሎዎቹ ብቻ ይሰማ ነበርና ሥራ ላይም መክተት ጀመሩ። እጃቸው ለመደው። የትኛው ዘፈን ላይ መሮጥ፣ የትኛው ላይ መለዘብ እንዳለባቸው አወቁ። የባልዲ ቂጥ መበሳት ቀረ። ጋሼ ውብሸት እያጉረመረሙ ያልፋሉ እንጂ አውጡት ማለት ተዉ።

እኔም ከመደቤ ሆኜ በየቀኑ እሰማለሁ። መስማት ከተባለ። አንዱን ዘፈን መዶሻ ይበላዋል፣ ሌላውን ዋጋ የሚጠይቅ ደንበኛ ይበላዋል፣ ሌላውን እቴቴ ትጠራኛለች። የራሴን ካሴት አንድም ቀን ከዳር እስከ ዳር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቢሆንም ያ በርሚል ላይ ያለ ቴፕ ባይኖር እሱንም አላገኝም። ከዚያ ቴፕ ከወጣ ካሴቱ ተመልሶ ትራስ ሥር መግባቱ ነው። ይህን አውቅ ስለነበር በየምሽቱ ስንዘጋ በጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ጧት ራሴ ለቶላ አቀብለዋለሁ።

መስከረም ገባ። መስቀል ሲቃረብ ይገረምና ሁለት ጓደኞቹ አገራቸው ጉራጌ ሊገቡ ዕቃ መሸመት ጀመሩ። ይገረም ለአባቱ ጋቢ፣ ለእናቱ ሻሽ ገዛ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት፦ ፈረንጆቹ አንድ ጉራጊኛ ብቻ አይኖራቸውም፤ ሌላ ካሴታቸውን ገዝቼ ለአባቴ ላሰማው ብሎ ሰላሃዲን ዘንድ ሄደ። ለእኔ አልነገረኝም። ሲመለስ ነው የሰማሁት።

ሲመለስ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ቀጥ ብሎ መደቤ ፊት ቆመ።

"አንቺ! ሰላሃዲን ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?"

"ምን አለህ?"

"ካሴቱ ስምንት ደቂቃ ተረፈው አለኝ። ባዶ ክር ለደንበኛ አልሰጥም፣ ነገ ጎደለብኝ ብሎ ይጨቀጭቀኛል፣ ስለዚህ እጄ ላይ ባገኘሁት ሞላሁት አለኝ። በቅሎዎቹ ጉራጌ የሚባል አገር መኖሩንም አያውቁም አለኝ!"

ስምንት ደቂቃ። ሰላሃዲን የሚቀዳውን ሁሉ እንዲህ ነበር የሚሞላው፤ ለእሱ ደግነት ነው፣ እንደ ምርቃት።

"አላውቅም ነበር ይገረም። ማርያምን።"

"'ታዲያ ምን መስሏችሁ ነው የገዛሁት' ስትይ ነበር እኮ! ተራው በሙሉ ሳቀብኝ! 'ፈረንጁ የማን ልጅ ነው፣ ከየትኛው ቤት ነው' እያሉ እስከ ሶማሌ ተራ ተከተሉኝ!"

ቶላ ከኋላ መዶሻውን ጥሎ ይንፈራፈራል።

"ሳቅ! አንተም ሳቅ!" አለው ይገረም። ከዚያ ቴፑን ከፍቶ ካሴቴን አወጣና መደቤ ላይ አስቀመጠው። "ይኸው በቅሎሽ። ውሰጂና ሣር አብይው።" በምትኩ ከሰላሃዲን የገዛውን ጉራጊኛ ካሴት ከተተ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጭብጨባ ነው። ምን ይባላል? እውነቱን ነው። ለአንዷ ዘፈን ብለው ነበር የቻሉኝ፤ አሁን የእሷ ዓይነት ሙሉ ካሴት አላቸው።

ማታ እቴቴ ዝምታዬን አይታ "ጫማውን ገዝተሽው ቢሆን እስካሁን ተበጥሶ ታርፊ ነበር" አለችኝ። እንደ ማጽናኛ ነው የተናገረችው። ካሴቱን ጀሪካን ውስጥ ከተትኩና ክዳኑን ዘጋሁበት። በቃ አልኩ። እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ ብዙ ነገር በቃ ብዬ ስለነበር አንድ ካሴት አልከበደኝም፤ ወይም አልከበደኝም ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

በማግስቱ እነይገረም ሄዱ። ለመስቀል መርካቶን ያየ ሰው የምለውን ያውቃል። በሩ ሁሉ ተቆልፎ፣ ተሸካሚው ጠፍቶ፣ መንገዱ ሰፍቶ፣ የራስህ እግር ኮቴ ይሰማሃል። ቶላም እረፍት ተሰጥቶት ወደ ሆለታ ሄዶ ነበር። በበዓሉ ማግስት እኔ ቤት ከምቀመጥ ብዬ መደቡን ከፈትኩ። ጋሼ ውብሸትም ቤት መቀመጥ ስለማይሆንላቸው መጥተዋል። ግን ብቻቸውን ቆርቆሮ አይመታም። ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠው ቆርቆሮውን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ፣ ሰማዩን ያያሉ።

"ሸዋዬ!"

"አቤት ጋሼ።"

"ዝምታው ራሴን አመመኝ። ያን ጩኸትሽን እስቲ አምጪው።"

"የይገረምን ካሴት ልክተትልዎ?"

"ይዞት ሄዷል። ደግሞስ እሱን መች ጠየቅሁሽ?"

ጀሪካኑን ከፍቼ አወጣሁት። በሳይድ ኤ ጀመርን።

ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። አምስት ወር ሙሉ ሰምቼው አላውቅም። አራተኛው ዘፈን መሃል ላይ ከበሮው ጨርሶ ዝም ይላል፤ ያ የሚጮኸው ሰው ለብቻው ቀርቶ፣ ሰው የሚሰማው ሳይመስለው እንደሚያንጎራጉር ያንጎራጉራል። እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ መዶሻ ነበር። አንዲት ሴት መጥታ የጀሪካን ዋጋ ጠየቀችኝ፤ በእጄ ቆዪ የሚል ምልክት ሰጠኋት። ደንበኛ ሳስቆም ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ሴትየዋም ጠርሙስ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ትሰማ ጀመር።

ጋሼ ውብሸት አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈዋል።

"ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?"

"አላውቅም ጋሼ።"

"ሚስቱ ሄዳበት ነው።"

"እንግሊዝኛ ያውቃሉ እንዴ?"

"ምን እንግሊዝኛ ያስፈልገዋል? እንደዚህ የሚጮህ ሰው ሚስቱ የሄደችበት ነው። እኔም ጮኼ አውቃለሁ።"

ሴትየዋ "አዬ፣ እውነትዎን ነው" አለች።

ራሳቸው ተነስተው ካሴቱን ገለበጡት። ሳይድ ቢ ላይ "ይኸው ተቆጣ" ይላሉ። ቆይተው ደግሞ "አሁን እየለመናት ነው። ሞኝ፣ ቀድመህ አትለምንም ነበር?" ይላሉ። የጭብጨባው ዘፈን ሲጀምር ከባልዲው ላይ ብድግ አሉ።

"ተመለሰች!"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የነሱ አይደለም። ሰላሃዲን ነው የጨመረው።"

"ሰላሃዲንም ይጨምረው ሌላ፣ እኔን ምን ቸገረኝ? ሲጮህ ሲጮህ ቆይቶ ሰው ተሰብስቦ ሲያጨበጭብለት አልሰማሽም? ይሄ ባይኖር ሰውየው እንደጮኸ ይቀር ነበር።"

ካሴቱ አልቆ ቴፑ ቀጭ ብሎ ሲቆም ሴትየዋ ጀሪካኗን ገዝታ ሄደች። እኔ ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት። አንድ ጊዜ። ይበቃኛል ብዬ መልሼ ጀሪካኑ ውስጥ ልከተው ስል ጋሼ ውብሸት "እዚያው ይቀመጥ" አሉኝ።

በሳምንቱ ሁሉም ተመለሱ። እነይገረም ፊታቸው ሞልቶ፣ ክትፎው አብርቷቸው፣ ለእቴቴ ቆጮ ይዘው መጡ። ለእኔም ይገረም ትንሽ አይብ አምጥቶልኛል፤ ሳያየኝ ነው የሰጠኝ። ከዚያ ካሴቱን ከኪሱ አውጥቶ ቴፑን ከፈተ። የእኔን እዚያ ውስጥ ሲያገኘው ቀና አለ።

"ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?"

"ተወው፣ ይኑር" አሉ ጋሼ ውብሸት።

"ጋሼ፣ እነዚህ እኮ አታለሉን።"

"ማን አታለለህ? ቁጭ በል።" አምስቱም ቁጭ አሉ። "ሰውየው ሚስቱ ሄዳበታለች። አንዱን ገጽ ሙሉ ይጠራታል፣ አትሰማም። በሌላው ይቆጣል፣ ይለምናል። መጨረሻ ላይ ከነዘመዶቿ እያጨበጨበች ትመጣለች። የመምጣቷን ብቻ ቆርጠህ ቀኑን ሙሉ ብትሰማ ምኑ ይገባሃል? ያልሄደችው ትመጣለች?"

ይገረም ካሴቱን በእጁ እንደያዘ አሰበ። ተራው የሳቀበትም ትዝ ብሎት መሰለኝ።

"በጉራጊኛ ነው የምትመጣው" አለ ቀስ ብሎ። "ሚስቱ ጉራጌ ናት ማለት ነው?"

"ምን ትመስልሃለች ታዲያ?"

"የት ሄዳ ነበር?"

"አንተ የት ነበርክ ይሄን ሰሞን?"

ይገረም ጭኑን መታ። "ለመስቀል! አገሯ ገብታ ነዋ!" ቀጥቃጮቹ ፈነዱ። "ታዲያ ይሄ ፈረንጅ ምን ሆኖ ነው ይሄን ሁሉ የሚጮኸው? ሳምንት አይታገስም? አብሯት ሄዶ ክትፎውን አይበላም ነበር?"

"ማን ነገረው!" አለ ቶላ። "በጉራጊኛ ነግራው ይሆናል፣ አልሰማትም።"

"ሄጄ ለሰላሃዲን ነው የምነግረው! ፈረንጁ የማን ልጅ ነው ላሉኝ ሁሉ፣ የማን ባል እንደሆነ እነግራቸዋለሁ።" የራሱን ካሴት ኪሱ ከተተና ወደ እኔ ዞረ። "ሸዋዬ፣ የቱ ጋ ነው መጀመሪያው?"

"ሳይድ ኤ።"

ካሴቱን ገልብጦ ቁልፉን ተጫነው። ጓደኛው ከኋላ "ሳይድ ቢን አድርገው፣ እሷ ትቅደም!" ብሎ ጮኸ።

"አይሆንም" አለ ይገረም መዶሻውን እያነሳ። "መጀመሪያ ይጥራት። ካልጠራት አትመጣም።"